ቁጥሩ የዘገየበት ሙያ፦ ከክራንዳል እስከ ማርቤሪ፣ የቤዝቦል ደራሽ ወርዋሪዎች ዳሰሳ

ፍሬድ ማርቤሪ በ1926 ለዋሽንግተን ሴነተርስ በ64 ጨዋታዎች ወርውሯል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከእነዚህ ውስጥ ከመጀመሪያው ዙር የተሰለፈው በአምስቱ ብቻ ነው። በቀሩት 59 ጨዋታዎች የገባው ጓደኛው ሲደክም፣ ሲደናገጥ ወይም በተቃራኒ መቺዎች ሲደበደብ ነው። ዛሬ መዝገብ ስንገልጥ በዚያ ዓመት 22 ጨዋታዎችን እንዳዳነ፣ ማለትም ቡድኑ እየመራ ገብቶ መሪነቱን ጠብቆ እንደጨረሰ፣ እናነባለን። ማርቤሪ ግን በዚያ ዓመት ይህን ቁጥር አያውቀውም ነበር። አሠልጣኙም፣ ጋዜጠኛውም፣ የሊጉ ጽሕፈት ቤትም አያውቁትም። ቁጥሩ የተሰላው ከአርባ ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው።

የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በአሜሪካ የሙያ ቤዝቦል ደራሽ ወርዋሪነት የሚባል ሙያ ነበር ወይ? ከነበረ የመጀመሪያው ባለሙያ ማን ነው? የሠራውስ ሥራ በምን ይመዘናል? ደንብ የሚያጠና ሰው መልሱን በ1891 ይፈልጋል። የአሠልጣኞችን ብልሃት የሚከታተል ደግሞ ጆን መግሮን ይጠራል። የቁጥር ሰው ወደ ማርቤሪ 22 ይሮጣል። ዶክ ክራንዳልን የሚያስቀድሙም አሉ፣ እነሱም ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ መልሶቹን ሳነጻጽር የደረስኩበት ድምዳሜ ሥራው ከቁጥሩ ቀድሞ እንደነበረ፣ ዘግይቶ የመጣው ቁጥርም ሰዎቹን ግማሽ ክሶ ግማሽ እንዳዛባቸው ነው።

ጨዋታውን ለማያዘወትር አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ያሻል። ቤዝቦል ዘጠኝ ዙር አለው። ወርዋሪው በሜዳው መሐል ካለች ጉብታ ላይ ቆሞ በ60 ጫማ ከ6 ኢንች ርቀት ለሚጠብቀው መቺ ይወረውራል። ሦስት መቺዎች ከወጡበት የተቃራኒው ቡድን ተራ ያልቃል። መቺው ኳሷን መትቶ ቤዝ ከደረሰ ደግሞ ሯጭ ይሆንና ጓደኞቹ እየገፉት ዙሪያውን ጨርሶ ነጥብ ለማስቆጠር ይጠባበቃል። አንድ ወርዋሪ ሙሉ ጨዋታ ልጨርስ ካለ ከመቶ ጊዜ በላይ ክንዱን ማወናጨፍ ይኖርበታል። አንዴ ከወጣ ደግሞ ተመልሶ መግባት የለም። እንግዲህ ደራሹ የሚጠራው በአብዛኛው ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው። ጉብታው ላይ ሲወጣ ሌላው ሰው ያስገባቸው ሯጮች በየቤዙ ቆመው ይጠብቁታል፤ ሥራውን የሚጀምረው የሰው ዕዳ ተረክቦ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ሥራ ደንቡ ራሱ ይከለክል ነበር። ተጫዋች የሚቀየረው ሲጎዳ ወይም ተጋጣሚው ሲስማማ ነው። ወርዋሪው ከዛለ ሜዳ ውስጥ ካሉት ከአንዱ ጋር ቦታ ይለዋወጣል እንጂ ከወንበር ተነሥቶ የሚተካው አልነበረም። በ1889 ውስን ቅያሪ ተፈቀደ፤ በ1891 ደግሞ ገደቡ ተነሣ። ደንቡ በሩን ቢከፍትም ልማዱ ዘግቶት ቆየ። በ1904 የቦስተን ቡድን ካደረጋቸው 157 ጨዋታዎች 148ቱን የጨረሰው የጀመረው ወርዋሪ ራሱ ነው። ጃክ ቴይለር የሚባል ወርዋሪ ከ1901 እስከ 1906 ድረስ የጀመራቸውን 187 ጨዋታዎች በተከታታይ አንድም ሰው ሳይተካው ጨርሷል። ሳይ ያንግ በሕይወቱ 749 ጨዋታዎችን ጀምሮ ጨርሷል። በዚያ ዘመን ጀምሮ አለመጨረስ ነውር ነበር፤ ሊረዳው የሚገባው ሰው ደግሞ ለቋሚነት ያልበቃ ተብሎ የሚታይ ነበር።

ይህ የሚቻለው ኳሷ የሞተች ስለነበረች ነው። አንዲት ኳስ እስክትጠቁር፣ እስክትላላ፣ ምራቅና የትምባሆ ጭማቂ እስክትጠግብ ድረስ ትወረወራለች። ከአጥር ውጭ የሚያወጣት መቺ እምብዛም ስለነበረ ወርዋሪው ጉልበቱን ቆጥቦ ለክፉ ሰዓት ማስቀመጥ ይችላል። አንድ ስሕተት ጨዋታውን አያስነጥቀውም። ስለዚህ የደራሽ ታሪክ ከኳሷ ታሪክ ተለይቶ አይነገርም፤ ብዙ ጸሐፊዎች ይህን በአንድ አረፍተ ነገር ማለፋቸው ያስቆጨኛል።

ታዲያ ጨዋታ ሲናጋ ማን ይገባ ነበር? ከሁሉ የበለጠው ወርዋሪ ነዋ! የቺካጎ ዋይት ሶክሱ ኤድ ዎልሽ በ1908 ዓመቱን 40 አሸንፎ 15 ተሸንፎ ሲጨርስ በ66 ጨዋታዎች ገብቷል፤ ከእነዚህ የጀመረው 49 ነው። ሌሎቹን አሥራ ሰባት ገብቶ ያረጋጋው ጓደኞቹ ሲንገዳገዱ ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት 8 ቀን ኒውዮርክ ጃይንትስና ቺካጎ ከብስ የናሽናል ሊግን ዋንጫ ለመለየት በኒውዮርኩ ፖሎ ግራውንድስ አንድ የመጨረሻ ጨዋታ አደረጉ። የከብሱ ጃክ ፊስተር ገና በመጀመሪያው ዙር ሲፍረከረክ ሞርዴካይ ብራውን ተጠራ። ብራውን በልጅነቱ እጁ በእርሻ መሣሪያ ተቆርጦ በሦስት ጣት የሚወረውር ሰው ነው። በጠላት ሜዳ፣ በሚጮኽ ሕዝብ መካከል ገብቶ የቀረውን ጨዋታ ብቻውን ወረወረና ክሪስቲ ማቲውሰንን 4 ለ 2 አሸነፈ። በ1911 ደግሞ ብራውን 53 ጨዋታ ገብቶ ግማሽ ያህሉን የተጫወተው በደራሽነት ነበር፤ በኋላ የተሰላው መዝገብ 13 ማዳን ይሰጠዋል።

እነዚህን ሰዎች የደራሽነት አባቶች የሚሏቸው አሉ። እኔ አልቀበለውም። ብራውንና ዎልሽ ያደረጉት የንጉሥ ሥራ ነው፤ ግንባሩ ሲላላ ራሱ የሚዘምት ንጉሥ ወታደርነትን ሙያው አድርጓል አይባልም። ኑሯቸውም ስማቸውም የቆመው በቋሚነት በወረወሯቸው ጨዋታዎች ላይ ነበር። እንደውም ትርፍ ሥራው ክንዳቸውን ሳይበላው አልቀረም፤ ዎልሽ ከ1912 በኋላ ወደ ቀድሞ ኃይሉ አልተመለሰም።

ሥራውን ለሌላ ሰው ስለ መስጠት ቀድሞ ያሰበው የጃይንትሱ አሠልጣኝ ጆን መግሮ ይመስለኛል። በ1905 ክሎድ ኤሊየት የሚባል ስመ ጥር ያልሆነ ወርዋሪ በአሥር ጨዋታዎች ሲያስገባው ስምንቱ በደራሽነት ነበር። በቀጣዩ ዓመት ጆርጅ ፈርጉሰን በ22 ጨዋታ ገብቶ የጀመረው አንድ ብቻ ነው። ሁለቱም ለአጭር ጊዜ ታይተው የጠፉ ናቸው። በዚያው በ1905 የኒውዮርክ ሃይላንደርስ አሠልጣኝ ክላርክ ግሪፊዝ ራሱን በደራሽነት ያስገባ ነበር፤ ከ25 ጨዋታ የጀመረው ሰባት ብቻ ነው። የግሪፊዝን ስም አንባቢ ይያዝልኝ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ በዋሽንግተን እናገኘዋለን።

ጄምስ ኦቲስ ክራንዳል በ1887 በኢንዲያና ግዛት ዋዲና በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። በ1908 ወደ ጃይንትስ ሲመጣ እንደማንኛውም አዲስ ልጅ ቋሚ ወርዋሪ ነበር፤ 12 አሸንፎ 12 ተሸነፈ። መግሮ ግን ሌላ ነገር አየበት። ልጁ አይደነግጥም። ለመሟሟቅ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ከዚያም በላይ ዱላ ሲይዝ ከወርዋሪ ይልቅ መቺ ነው። በ1910 በአማካይ .342 መቷል፤ ይህን የሚያደርግ የሜዳ ተጫዋች እንኳ በየቡድኑ አንድ ወይም ሁለት ቢገኝ ነው። ደራሽ በሚገባበት ሰዓት ቡድኑ ብዙውን ጊዜ ነጥብ ይፈልጋል። ክራንዳል ሲገባ መግሮ በአንድ ቅያሪ ሁለት ሰው ያገኝ ነበር።

ከ1909 እስከ 1913 ባሉት አምስት ዓመታት በናሽናል ሊግ ሌላው የጀመረውን ጨዋታ በመጨረስ የመሪነቱን ቦታ የያዘው ክራንዳል ነው። በ1910 17 አሸንፎ 4 ተሸነፈ፤ በ1911 ደግሞ 15 ለ 5። ጋዜጠኛው ዴመን ራንየን የታመመ ጨዋታ የሚያክም ሰው ነው ብሎ «ዶክ» የሚል ስም አወጣለት፤ ስሙም እስከ ዕለተ ሞቱ ተከተለው። ቁጥር ያልሰጠውን ዕውቅና ቅጽል ስም ሰጠው ማለት ነው።

የክራንዳልን ሥራ በቅርብ ለማየት የምመርጠው ጥቅምት 25 ቀን 1911 የተደረገውን አምስተኛውን የወርልድ ሲሪስ (የሁለቱ ሊጎች አሸናፊዎች የሚገናኙበት ፍጻሜ) ጨዋታ ነው። ፊላዴልፊያ አትሌቲክስ በጨዋታዎች ድምር 3 ለ 1 እየመራ አንድ ድል ብቻ ቀርቶታል። ሩብ ማርኳርድ ለጃይንትስ ጀምሮ በሦስተኛው ዙር ሩብ ኦልድሪንግ ሦስት ነጥብ ያለው ሆም ረን (ኳሷን ከአጥር ውጭ የሚያወጣ ምት) መታበት። ማርኳርድ ወጣ፤ ሬድ ኤምስ ገብቶ አራት ዙር ያዘላቸው። ከስምንተኛው ዙር ጀምሮ ክራንዳል ተረከበ። ከወዲያ በኩል ጃክ ኩምስ በጨዋታው መሐል ብሽሽቱ ቆስሎ እያነከሰ መወርወሩን ቀጥሏል። የአትሌቲክስ አሠልጣኝ ኮኒ ማክ አላስወጣውም፤ የዘመኑ ልማድ ይህ ነበራ። በዘጠነኛው ዙር ጃይንትስ 3 ለ 1 እየተመራ ሁለት ሰው ወጥቶበት አርት ፍሌቸር ሁለተኛው ቤዝ ላይ ቆሟል። ለመምታት የመጣው ራሱ ክራንዳል ነው። በአንድ ስሕተት የሚያልቅ ጨዋታ ነው፤ መግሮም በእሱ ፋንታ ሌላ መቺ አላስገባም። ክራንዳል ኳሷን ከሜዳው ጥግ አድርሶ ሁለት ቤዝ ሮጠ፤ ፍሌቸር ገባ። ቀጥሎ ጆሽ ዴቮር መታና ክራንዳል ራሱ ሮጦ አቻ አደረገ። ከዚያ ወደ ጉብታው ተመልሶ አሥረኛውን ዙር ዘጋ። በአሥረኛው ዙር ላሪ ዶይል የማሸነፊያዋን ነጥብ ሲያስቆጥር የወረወረበት ከኩምስ በኋላ የገባው ኤዲ ፕላንክ ነበር። ውጤቱ 4 ለ 3፤ አሸናፊው ወርዋሪ ክራንዳል። እርግጥ በማግስቱ አትሌቲክስ 13 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ፤ የአንድ ቀን ሐኪም የማያድነው በሽታም ነበር።

እዚህ ላይ ጎን ለጎን የቆሙትን ሁለት አሳቦች ልብ ይሏል። አንዱ ቡድን የቆሰለውን ጀግና እስከ ዘጠነኛው ዙር መጨረሻ ጉብታው ላይ አቆመ፤ ሌላው ሦስት ሰው ተቀባበለ። ለእኔ ሙያው የታየው በዚያ ዕለት ነው።

ክራንዳል በ1914 ከዋናዎቹ ሊጎች ተለይቶ ወደ ተቋቋመው ፌዴራል ሊግ ሲሻገርና ለሴንት ሉዊስ ሲጫወት ቋሚ ወርዋሪ ሆነ። በ1915 21 ጨዋታ አሸነፈ። ይህች ቁጥር ብዙ ታስረዳለች፤ ክራንዳል ደራሽ የነበረው ቋሚ መሆን ስላልቻለ ሳይሆን መግሮ እዚያ ስለፈለገው ነው። ሊጉ ሲፈርስ ወደ ምዕራብ ዳርቻ ሄዶ በሎስ አንጀለስ ለብዙ ዓመታት ወረወረ። በ1918 አንዲትም ኳስ ሳይመታበት ጨዋታ ሊጨርስ አንድ ሰው ሲቀረው ያበላሸበት የገዛ ወንድሙ ካርል መሆኑ የቤዝቦል ወዳጆች እስከ ዛሬ የሚያወሩት ነገር ነው።

ከክራንዳል በኋላ ሙያው ወራሽ አላገኘም። ሌሎች አሠልጣኞች ወደ ቀድሞው ተመለሱ፤ ታላላቆቹን በትርፍ ሰዓት ማስገባቱ ርካሽ ነበር። ለውጡን ያመጣው የ1920 ዓመት ነው። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ኳስ በምራቅ ማርጠብ ከጥቂት ነባር ወርዋሪዎች በስተቀር ለሁሉም ተከለከለ። በነሐሴ ወር የክሊቭላንዱ ሬይ ቻፕማን በካርል ሜይስ ኳስ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞተ። ከዚያ ወዲህ የቆሸሸች ኳስ ቶሎ ቶሎ መቀየር ልማድ ሆነ። ንጹሕ ኳስ ለመቺ ትታያለች፤ ቤብ ሩት በዚያው ዓመት 54 ሆም ረን መታ። ወርዋሪው ከእንግዲህ ጉልበት ቆጥቦ የሚጫወትበት ዙር አጣ። እያንዳንዱ መቺ አደገኛ ሲሆን ክንድ በሰባተኛው ዙር ይዝላል። ሙያው እንደገና አስፈለገ፤ በዚህ ጊዜ ግን በአንድ አሠልጣኝ ብልሃት ሳይሆን በጨዋታው ባሕርይ ነው።

ዋሽንግተን ይህን ቀድሞ ተረዳው። የቡድኑ ባለቤት ያ በ1905 ራሱን በደራሽነት ያስገባ የነበረው ክላርክ ግሪፊዝ ነው። በ1923 ምራቅ እንዲጠቀሙ ከተፈቀደላቸው ነባሮች አንዱ የሆነው አለን ረስል ሥራውን ጀምሮላቸው ነበር። በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ ከቴክሳስ ስትሪትማን የመጣ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ፈጣን ኳስ የሚወረውር የ24 ዓመት ወጣት ቡድኑን ተቀላቀለ። ፍሬድ ማርቤሪ ይባላል። በመስከረም አርጀንቲናዊው ቦክሰኛ ሉዊስ ፊርፖ ጃክ ዴምፕሲን ከመድረክ አሽቀንጥሮ ሲጥል ጋዜጦች የማርቤሪን ፊት ከቦክሰኛው ጋር አመሳሰሉና «ፊርፖ» አሉት። ስሙን አይወደውም ነበር፤ ቀርቶለት ግን አያውቅም።

ቡድኑ ይጫወትበት የነበረው ግሪፊዝ ስታዲየም በ1965 ፈርሷል፤ ዛሬ ቦታው ላይ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቆሟል። በዋሽንግተን የሚኖሩ አንባቢዎች አካባቢውን ያውቁታል፤ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ከዩ ስትሪትና ከ9ኛው መንገድ በእግር የሚደረስ ነው።

በ1924 ግሪፊዝ አሠልጣኝነቱን ለ27 ዓመቱ ሁለተኛ ቤዝ ተጫዋች ለበኪ ሃሪስ ሰጠ። ሃሪስ ማርቤሪን በ50 ጨዋታ አስገባው፤ አንዳንዴ በቋሚነት፣ በአብዛኛው በደራሽነት። ዋሽንግተን በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የአሜሪካን ሊግን አሸነፈ፤ ከኒውዮርክ ያንኪስ የበለጠው በሁለት ጨዋታ ብቻ ነው። ሁለት ጨዋታ ማለት ማርቤሪ ካረጋጋቸው ጨዋታዎች ሁለቱ ማለት ነው። በወርልድ ሲሪሱ ሰባተኛ ጨዋታ ሃሪስ የመግሮን ጃይንትስ ለማደናገር በቀኝ እጁ የሚወረውረውን ከርሊ ኦግደንን አስጀምሮ ለሁለት መቺዎች ብቻ ካሳየው በኋላ በግራ እጁ በሚወረውረው በጆርጅ ሞግሪጅ ተካው። በስድስተኛው ዙር ማርቤሪ ገባ፣ በዘጠነኛው ደግሞ ዎልተር ጆንሰን። አራት ወርዋሪ፣ አሥራ ሁለት ዙር፣ 4 ለ 3። በስድስተኛው ዙር ከገቡት የጃይንትስ ነጥቦች ከፊሎቹ በሜዳ ተጫዋቾች ስሕተት የመጡ ቢሆኑም የዕለቱ ጀግና ማርቤሪ አልነበረም፤ ቢሆንም ወርዋሪዎችን እንደ ሰንሰለት አያይዞ ዋንጫ ማንሣት እንደሚቻል የታየበት ቀን ነው። ከሃያ ዓመት በፊት በዚሁ መግሮ የተጀመረ አሳብ መግሮን ራሱን አሸነፈው።

በ1925 ማርቤሪ በ55 ጨዋታ ገባ፤ የጀመረው አንድም የለም። በአንድ የውድድር ዘመን ከ50 ጊዜ በላይ በደራሽነት የገባ ሰው ከእሱ በፊት አልነበረም። ዋሽንግተን እንደገና ሊጉን አሸንፎ ከፒትስበርግ ፓይሬትስ ጋር ተገናኘ። በሦስተኛው ጨዋታ ስምንተኛ ዙር ላይ ማርቤሪ እየወረወረ ኧርል ስሚዝ ኳሷን ወደ ቀኝ ጥግ አርቆ መታት። ሳም ራይስ ሮጦ ዘለለ፣ ያዛት፣ ከዚያም ከአጥሩ ማዶ ተመልካቹ ውስጥ ወድቆ ለአፍታ ተሰወረ። ዳኛው ሲ ሪግለር መቺውን ወጥቷል አለ፤ ፒትስበርጎች ተሟገቱ፤ ፍርዱ ጸና፤ ዋሽንግተን 4 ለ 3 አሸነፈ። ራይስ ዕድሜ ልኩን ይዟት እንደነበር በግልጽ ሳይናገር ኖሮ በ1974 ሲሞት እንዲከፈት ያስቀመጠው ደብዳቤ ኳሷ ከእጁ ወጥታ እንደማታውቅ ይመሰክራል። የዚያ ጨዋታ ወሬ ሁሉ የራይስ ነው። ጉብታው ላይ ቆሞ አንዲት ነጥብ ልዩነት የጠበቀው ሰው በታሪኩ ውስጥ ስሙ እንኳ አይነሣም።

ከዚያ ሰባተኛው ጨዋታ መጣ፤ ጥቅምት 15 ቀን፣ ፒትስበርግ፣ ዝናብ። ሜዳው ጭቃ ሆኖ ጉብታው ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ ይበተናል። ጉብታው ላይ ያለው የ37 ዓመቱ ዎልተር ጆንሰን ነው፤ ከጥቂት ቀናት በፊት እግሩ ተጎድቷል። ቡድኑ በመጀመሪያው ዙር አራት ነጥብ ሰጥቶት ነበር፤ ፒትስበርግ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ደረሰበት። በስምንተኛው ዙር ሮጀር ፔኪንፖ በሆም ረን 7 ለ 6 አስመራ፤ ከዚያም ሁለት ሰው ወጥቶ አንድ ሲቀር መቺዎቹ ተራ በተራ መቱ፣ ያው ፔኪንፖ አንድ ኳስ አበላሸ፣ ኪኪ ካይለርም ሁለት ነጥብ ያለው ምት መታ። 9 ለ 7። ጆንሰን 15 ጊዜ ተመትቶበት እስከ መጨረሻው ወረወረ። ሃሪስ በዚያ ዓመት 55 ጊዜ የጠራውን ሰው ያን ዕለት አልጠራውም። የሊጉ ፕሬዚዳንት ባን ጆንሰን ሃሪስን በስሜት ተነድተሃል ብሎ ወቀሰው።

ማርቤሪ ቢገባ ዋሽንግተን ያሸንፍ ነበር ብዬ አልከራከርም፤ በዚያ ጭቃ ላይ ማንም ይንሸራተታል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አሳቡን ከማንም በላይ የተረዳው አሠልጣኝ በትልቁ ቀን ወደ ድሮው ልማድ ተመለሰ። ታላቁ ሰው ጉብታው ላይ እያለ ማውረድ ክብሩን መንካት መሰለው። የደራሽነት ሙያ ተቀባይነት ያጣው በችሎታ ማነስ ሳይሆን በዚህ ነው፤ አንዱን መጥራት ሌላውን ማዋረድ ሆኖ ይቆጠር ነበር።

የ1926ቱ 22 ማዳን ከዚህ በኋላ የመጣ ነው፤ እስከ 1949 ድረስ የበለጠው አልነበረም። ከዚያ ወዲያ የማርቤሪ ሕይወት ሁለት ዓይነት ሆነ። በ1929 26 ጨዋታ ጀምሮ 19 አሸነፈ፤ በ1931 ደግሞ 16 አሸንፎ 4 ብቻ ተሸነፈ። በ1932 መጨረሻ ወደ ዲትሮይት ተሸጋገረ፤ በ1934 15 ጨዋታ ሲያሸንፍ ዲትሮይት ሊጉን ወሰደ። በ1935 ከቡድኑ ሲሰናበት ለጥቂት ጊዜ ዳኛ ሆነ፤ በ1936 ተመልሶ ትንሽ ወርውሮ ጫማውን ሰቀለ። በሙሉው 551 ጨዋታ፣ 148 ድል፣ 88 ሽንፈት። ከ551ዱ በቋሚነት የጀመረው 187 ነው። በ1949 በመኪና አደጋ የማይወረውርበትን ግራ እጁን አጣ። በ1976 ቴክሳስ ውስጥ አረፈ።

ዊልሲ ሙርን ሳላነሣ ብቀር ዳሰሳው ይጎድላል፤ ግን ባጭሩ። የኦክላሆማው ገበሬ በ30 ዓመቱ ወደ ያንኪስ መጥቶ በ1927 በ50 ጨዋታ 19 አሸነፈ፤ ከ50ዎቹ የጀመረው 12 ብቻ ነው፤ በዘጠኝ ዙር በአማካይ የሰጠውም 2.28 ነጥብ ነው። ከቤብ ሩት ጋር ተወራርዶ ባሸነፈው ገንዘብ ሁለት በቅሎ ገዝቶ አንዱን ቤብ፣ ሌላውን ሩት ብሎ ሰየመ። በቀጣዩ ዓመት ክንዱ ታመመ። የአንድ ዓመት ታላቅነት ነው፤ ሙያ ግን በዓመታት ይለካል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። በ1959 የፒትስበርጉ ኤልሮይ ፌስ በደራሽነት 18 አሸንፎ 1 ተሸነፈ፤ አገር አደነቀው። የቺካጎው ጋዜጠኛ ጄሮም ሆልዝማን ግን አልተዋጠለትም። ፌስ መሪነቱን ራሱ አስነክቶ ቡድኑ መልሶ ሲያሸንፍለት ድሉ ለእሱ ይጻፋል፤ የከብስ ደራሾች ግን መሪነቱን ጠብቀው ባዶ እጃቸውን ይወጣሉ። ስለዚህ «ማዳን» የሚባል ስሌት አወጣ። ሊጎቹ በ1969 በይፋ ተቀበሉት። በዚያው ዓመት የታተመው ትልቁ የቤዝቦል ኢንሳይክሎፒዲያ አዘጋጆች የድሮ ጨዋታዎችን መዝገብ አገላብጠው ለሞቱትም ለቆሙትም ማዳን ቆጠሩላቸው። ክሎድ ኤሊየት ያልሰማውን የማዳን መሪነት ያገኘው ያኔ ነው። ማርቤሪም 101 ማዳን ተሰጠው፤ በኋላ መዝገቡ ሲጣራ 99 ሆነ።

ይህ ስሌት ለቀደሙት ሲሠራ በጣም ልል ነው። ጨዋታውን የጨረሰና አሸናፊ ተብሎ ያልተጻፈ ሁሉ፣ ቡድኑ በአሥር ነጥብ ቢመራ እንኳ፣ አዳነ ይባላል። የዛሬው ደንብ ግን በአብዛኛው ጠባብ መሪነትን ይጠይቃል። በተቃራኒው በስድስተኛው ዙር ሦስት ሯጭ ተረክቦ አንድም ሳያስገባ የዘጋ፣ ነገር ግን በስምንተኛው የወጣ ሰው ምንም አያገኝም። አማካይ ነጥብም አይጠቅመንም። ናሽናል ሊግ ይህን መመዝገብ የጀመረው በ1912፣ አሜሪካን ሊግ ደግሞ በ1913 ነው። ደራሹ የተረከባቸው ሯጮች ቢገቡ ነጥቡ የሚጻፈው በቀድሞው ወርዋሪ ላይ ነው። ደራሹ ቢያስቆማቸውም ምስጋናው የትም አይጻፍም። የሥራው እምብርት ከመዝገቡ ውጭ ነው። የአሸናፊ ወርዋሪ አሰያየም እንኳ እስከ 1950 ድረስ ጥርት ያለ ደንብ አልነበረውም።

ስለዚህ እኔ የምመዝነው በሌላ ነገር ነው፦ አሠልጣኙ ሰውየውን መቼ ጠራው? ክራንዳልን መግሮ የጠራው ጨዋታው በሚወሰንበት ሰዓት ነው፣ በዱላውም ጭምር። ማርቤሪን ሃሪስ ለሁለት የሊግ ዋንጫ ከመቶ ጊዜ በላይ ወደ ጉብታው ልኮታል፤ ከአንድ መጥፎ ቀን በቀር። ክራንዳል የመጀመሪያው ነው። ማርቤሪ ግን ሙያው ያለ መግሮ፣ ያለ ዱላ፣ በክንድ ብቻ መቆም እንደሚችል ያሳየ ሰው ነው፤ ለእኔ ሚዛኑ ወደ እሱ ያደላል።

ኩፐርስታውን የሚገኘው የቤዝቦል የክብር አዳራሽ በደራሽነት የታወቀ ወርዋሪ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀበለው በ1985 ነው፤ ሆይት ዊልሄልምን። ከ1924ቱ የዋሽንግተን ቡድን ጆንሰን፣ ራይስ፣ ጉስ ጎዝሊን፣ አሠልጣኙ ሃሪስና ባለቤቱ ግሪፊዝ እዚያ ተሰቅለዋል። ማርቤሪ የለም። 148 ድል ለቋሚ ወርዋሪ ትንሽ ነው፣ 99 ማዳን ለዛሬ ደራሽ ትንሽ ነው እየተባለ በሁለት ሚዛን ለየብቻ ተመዝኖ በሁለቱም ቀለለ። ሁለቱን አንድ ላይ ያደረገ ሰው በዘመኑ ግን ማን ነበር? የቀደምት ዘመን ተጫዋቾችን የሚመረምረው ኮሚቴ ይህን ጥያቄ በቅንነት ቢያነሣ ስሙን ከዝርዝሩ አናት ላይ ማግኘት ይገባዋል።